ወደ ግራ የምትስብ መኪና

አባቴ መኪናዋን የገዛው ጡረታ እንደወጣ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የዓባይን በረሃ አውቶቡስ እየነዳ ሲወርድና ሲወጣ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ከእንግዲህ ቤቱ ተቀምጦ ዳዊቱን ይደግማል፣ ማኅበሩን ይጠጣል ብለን ስንጠብቅ፣ ከአዲስ አበባ አንዲት ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ የድሮ የጣሊያን ስፖርት መኪና በአይሱዙ አስጭኖ ከተፍ አለ። የአንድ ሟች ሐኪም ንብረት ነበረች። ልጆቹ ግቢ ውስጥ ጥለዋት ዶሮ እንቁላል ትጥልባት እንደነበር አባቴ ራሱ ነው የነገረን፣ ያውም በኩራት። እናቴ ዙሪያዋን ዞራ አየቻትና «ሌላው ግማሿስ መቼ ይመጣል?» አለችው።

እውነቷን ነው፤ መኪናዋ ከወገቤ አትበልጥም። ደብረ ማርቆስ ላይ አባቴን ሰላም ማለት የፈለገ ሁሉ ጎንበስ ማለት ግዱ ሆነ፤ አባቴም ይህን ወደደው። ባጃጅ ነጂዎቹ ቁልቁል እያዩት «ጋሼ፣ ከዚያ ሁሉ አውቶቡስ በኋላ መሬት ለመሬት?» ይሉታል። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ያልፋቸዋል።

ሞቃ ሳለች በቆመች ቁጥር ሞተሯ እየጠፋ ሳትገፋ አለመነሣቷን ካልቆጠርን፣ አንድ ጉድለት ብቻ ነበራት፤ ወደ ግራ ትስባለች። መሪውን ትንሽ ለቀቅ ካደረጉላት፣ እዚያ ማዶ ቀጠሮ ያላት ይመስል ወደ ግራ ትሄዳለች። አባቴ ይህን ጠባይዋ ነው ይላል፤ እናቴ በሽታዋ ነው ትላለች። እኔ ደግሞ የመጀመሪያ ልጅ ነኝና በሁለቱ መካከል ሆኜ አዎ አዎ እላለሁ።

ነገሩ የከረረው ቁይ ከተማ ላይ ነው። አባቴና እናቴ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ የገበያ ቀን ኖሮ መንገዱ በሰውና በአህያ ተሞልቶ ነበር። የአባቴ የነፍስ አባት ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከመንገዱ ዳር ቆመዋል። አባቴ ደግሞ ካህን በአንድ እጅ ሰላም የሚል ሰው አይደለም። ሌላው ሹፌር ጥሩምባውን ጢጥ አድርጎ ያልፋል። አባቴ ግን ሁለት እጁን ከመሪው አንሥቶ ደረቱ ላይ አደረገ፤ ከዚያም ግንባሩ መሪውን እስኪነካ ድረስ እጅ ነሣ። ቀና ሲል መኪናዋ መንገዱን አቋርጣ በአንዲት ሸክላ ሻጭ እንስራዎች መካከል ቆማ ነበር።

ሰው አልተጎዳም። አባቴ ለሸክላዎቹ እዚያው ካሰ፤ ለሐፍረቱ ግን የሚክስ አልተገኘም። እናቴ የለቅሶ ልብሷን እያራገፈች ወረደችና በዚያ ሁሉ ገበያተኛ ፊት ማለች። «ለካህን እጅ እስክትነሣ እንኳ የማትታገሥህ መኪና ናት። ሁለት እጅህን አንሥተህ ቀጥ ብላ ስትሄድ በዓይኔ ካላየሁ፣ ማርቆስን፣ ዳግመኛ አልቀመጥባትም።» ከዚያ ከሸክላ ሻጯ ጋር በአውቶቡስ ተመለሰች። እስከ ዛሬ ወዳጆች ናቸው፤ ክርስትናም ሠርግም ይጠራራሉ።

እናቴ በማርቆስ ከማለች አለቀ። አባቴም ያውቃል። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ እሱ በመኪናው፣ እሷ በእግሯ ወይም በባጃጅ ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ በር ላይ ሲገናኙ «እንዴት አደርሽ?» ይላታል፤ እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን» ትለዋለች፤ አንድ ቤት እንዳላደሩ። ተመልካች ያስቃል። እኛን ግን እየዋለ እያደረ ማሳቁን ተወ፤ አባቴ አጠገቡ ያለውን ባዶ ወንበር በየጠዋቱ በጨርቅ ሲወለውል ማየት አንጀት ይበላል።

ከዚያ ታናሽ እህቴ ልታገባ ሆነ። ሙሽራው ሮብ ገበያ የምትባለው ከተማ ልጅ ነው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ቀን ተቆረጠ፤ ቅልቅሉ ደግሞ በሙሽራው ወላጆች ቤት። የሙሽራው አባት ሥርዓት የሚወዱ ትልቅ ገበሬ ናቸው። «የልጃችንን ወላጆች፣ ሽማግሎቻችንን አሰልፌ፣ ካህናቱን አስቀድሜ፣ መንገድ ድረስ ወጥቼ ነው የምቀበላቸው» ብለው ላኩብን።

አባቴ ይህን የሰማ ዕለት እራት አልበላም። «የሙሽሪት አባት ብቻውን በመኪና፣ የሙሽሪት እናት ከኋላ በሚኒባስ ብትደርስ ሰው ምን ይላል?»

«ሁለታችንም በሚኒባስ እንሂዳ» አለች እናቴ።

«መኪና እያለኝ?»

«መሐላ እያለብኝ?»

ሁለቱም ፊታቸውን ቅጭም አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ሳህን ማንሣት ጀመርኩ። አባቴ ግን ሌሊቱን ሲያስብበት አድሮ ጠዋት ቱታውን ለብሶ ወጣ። ከፋሲካ በፊት መኪናዋን ያቃናል፤ እናቴም አጠገቡ ተቀምጣ ሮብ ገበያ ትገባለች። ሌላ አሳብ የለውም።

መጀመሪያ ጎማ በኮምፒውተር የሚያቃና አላይመንት ጋራዥ ወሰዳት፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። መኪናዋ ዝቅተኛ ስለሆነች መወጣጫው ላይ ስትደርስ ሆዷ ተንጠልጥሎ ቀረ። በስንት ግፊያ ካወጣናት በኋላ ደግሞ ኮምፒውተሩ ዓይነቷን ሊያገኘው አልቻለም። ሠራተኛው ደጋግሞ ፈልጎ ሲያጣት «ጋሼ፣ በኮምፒውተሩ ሐሳብ ይቺ መኪና የለችም» አለ። አባቴ ቀይ መኪናውን አየ፣ ኮምፒውተሩን አየ። «እንግዲያስ የሌለች መኪና ገፍታችሁ አውርዱልኝ» አላቸው።

እቤት ሲደርስ ሲባጎ ፈለገ። ድሮ አውቶቡስ ሲነዳ መንገድ ላይ ሲቸግራቸው ጎማ የሚያቃኑት በሲባጎ ነበር። ለዚህ ሥራ መሬቱ ሜዳ መሆን አለበት። ከግቢያችን ሜዳ የሆነው ደግሞ እናቴ በርበሬና እህል የምታሰጣበት ሲሚንቶ ብቻ ነው። እናቴ «ዘይት ያንጠባጠበች ዕለት አንተንም እሷንም ነው የማሰጣችሁ» ብላ ፈቀደች።

አሠራሩ ከባድ አይደለም፤ አድካሚ ነው እንጂ። ከመኪናዋ ግራና ቀኝ፣ በጎማው መሐል ከፍታ ላይ፣ ሁለት ሲባጎ እኩል ይወጠራል። ከዚያ ከሲባጎው እስከ ጎማው ብረት፣ እስከ ቸርኬው፣ ያለው ርቀት በማስመሪያ ይለካል፤ አንዴ ከቸርኬው ፊት፣ አንዴ ከኋላው። የፊት ጎማዎች አፍንጫቸውን ቅንጣት ታህል ወደ ውስጥ መለስ ማድረግ አለባቸው። ካላደረጉ መሪውንና ጎማውን የሚያገናኘው ዘንግ ማጥበቂያ ዳዶው ይላላል፣ ዘንጉ በትንሹ ይዞራል፣ መኪናዋ ጎማዋን እንድታደላድል ወደፊትና ወደኋላ ትገፋለች፣ ከዚያ እንደገና ይለካል። የሚያዞረው አባቴ ነው። የምገፋው እኔ ነኝ። የቢሮ ፈቃዴን የወሰድኩት ለእህቴ ሠርግ ጌሾ ልወቅጥ ነበር።

ሲባጎውን የወጠርነው ከዕድራችን በተዋስናቸው ወንበሮች ነው፤ እግራቸው ጠንካራ ነው። ይህ ስሕተት እንደሚሆን ማወቅ ነበረብን። የዕድር ወንበር ግቢያችን ሲገባ ያዩ ጎረቤታችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። የሚታየው ከመኪናዋ ሥር የወጣ የአባቴ እግር ነው። ሴትዮዋ ደረታቸውን እየመቱ ማልቀስ ሲጀምሩ እግሩ ተንቀሳቀሰና «ማን ነው የሞተው?» የሚል ድምፅ ከሥር መጣ። ሴትዮዋ መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ ውሃ አጠጣናቸው። ከዚያ በኋላም የመጡ አሉ፤ እናቴ በሩ ላይ ቆማ «መኪና ነው፣ መኪና ነው» እያለች ስትመልስ ዋለች።

ዋናው ጣጣ ክብደቱ ነበር። አባቴ እንደሚለው፣ መኪናዋ እንዲህ ዝቅ ያለችና ቀላል ስለሆነች፣ መለካት ያለባት ሰው እንደተጫነባት ነው። ግራዋ ላይ ሹፌር ብቻ ተቀምጦ ቀኟ ባዶ ከሆነ ወደ ግራ መሳቧ አይቀርም። ስለዚህ በእሱ ቦታ እኔ መሪው ላይ ተቀመጥኩ፤ እንደማልመጥነው ስላየ የወፍጮ መጅ አምጥቶ ታቀፊ አለኝ። ቀኝ ወንበሩ ደግሞ የእናቴ ነው። እናቴ ግን በመሐላዋ ምክንያት ለመለኪያ እንኳ አትቀመጥም። አባቴ ኬሻ አምጥቶ የጤፍ ጎተራውን ከፈተ።

ስንት ጤፍ እናቴን ያህላል? መጠየቅ የማይታሰብ ነው። አባቴ ከጎተራው በር ላይ ቆሞ፣ እናቴ ቡሃቃ ስታጥብ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ይገምታት ጀመር። በሬ ሲገዛ እንደዚያ ሲያደርግ አይቼዋለሁ።

«ምን ታየኛለህ?» አለችው ቀና ሳትል።

«ምን አየሁሽ?»

«ጨምርበት» አለች። «ያ ኬሻው ውስጥ ያለው የአንድ ልጃገረድ ነው።»

የቅበላ ሰሞን ነበር፤ ሁዳዴ ሊገባ ቀናት ቀርተውታል። ዶሮው፣ ቅቤው፣ ዓይቡ ከቤት ቤት ይዞራል። እናቴም በዚያ ሰሞን ፊቷ ሞልቶ፣ ጉንጯ ወዝቶ፣ እውነትም ደህና ጤፍ ታህል ነበር። አባቴ ጨመረ፤ ኬሻውን ቋጠረ። ወንበሩ ላይ ሲያስቀምጠው አልቆም ብሎ ስለተንጋደደ በእናቴ አሮጌ ነጠላ ከወንበሩ ጋር ጠፍንጎ አሰረው። እኔ መጄን ታቅፌ፣ ኬሻው ነጠላውን ለብሶ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን አመሸን።

በማግስቱ አባቴ መኪናዋን ከነጤፉ ይዟት ወደ አስፋልቱ ወጣ። ሲወጣ መንገድ ላይ የሚያውቁት ሁሉ ጎንበስ እያሉ፣ እናቴ በመጨረሻ ታረቀች ብለው «እንዴት ዋሉ?» ይላሉ። ኬሻው ዝም ነው። ከሰዓት በኋላ ሁለት የእናቴ የማኅበር ጓደኞች ተቀይመው ቤት መጡ። «ሰላም ብንልሽ አፍንጫሽን ነፋሽብን» አሏት። እናቴ ነገሩን ስታውቅ ራሷ እየሳቀች አስረዳቻቸው፤ ሲወጡ ግን ለአባቴ «እኔን ጤፍ አድርገህ በከተማ አዞርከኝ፤ እሺ፣ ቆይ» አለችው።

በሳልስቱ፣ የከተማው ቤቶች አልቀው መንገዱ ሜዳ ወደሆነበት ቦታ አባቴ እናቴን በባጃጅ አስመጣት። እሷ ጃንጥላዋን ይዛ ዳር ቆመች፤ እኔ ከአጠገቧ። አባቴ ከሩቅ ተነሥቶ መጣ። እኛ ጋ ሊደርስ ሲል ሁለት እጁን አነሣ፣ ደረቱ ላይ አደረገ፣ ለእናቴ እጅ ነሣ። ረጅም፣ ለጳጳስ የሚገባ እጅ መንሣት ነበር። መኪናዋ በተወጠረ ሲባጎ ላይ እንደምትሄድ ቀጥ ብላ አለፈች። ለአባቴ እንዴት ደስ እንዳለኝ አልደብቅም፤ አጨበጨብኩ። እናቴ ግን መኪናዋ እስክትርቅ በዓይኗ ሸኘቻትና «ለጤፍማ ትታዘዛለች» አለች። ጃንጥላዋን እያጠፈች ደግሞ «ይሁን። በዓይኔ አይቻለሁና ለቅልቅሉ እቀመጣለሁ፤ መሐላዬ የሚወርደው ግን ለሰውም ስትታዘዝ ነው» አለች። አባቴ ያን ማታ ሁለት ጊዜ እራት በላ።

መኪናዋ ሸራ ለብሳ ቆመች። ጤፉ ለሠርጉ ተፈጨ። ሁዳዴ ገባ።

እናቴ ስትጾም ጨክና ነው። ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ አትቀምስም፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም የምትቀምሰው ያው ሽሮና ጎመን ነው። የዘንድሮው ደግሞ ሠርግ ያለበት ነው። ስትፈትግ፣ ስታስፈጭ፣ ጠላ ስትጠነስስ፣ ሰሙነ ሕማማትን ስትሰግድ ከረመች። ለሠርጉ የተሰፋውን ቀሚሷን ሳስለካት ወገቡ ላይ በሁለት እጄ ጨምድጄ በመርፌ ያዝኩት። «እማዬ፣ አለቅሽ እኮ» አልኳት። «ፋሲካ ይመልሰዋል» አለችኝ። ግን ፋሲካም ሠርጉም እንግዳ ስታበላ አለፉ፤ እሷ ስትበላ ያየ የለም።

የቅልቅሉ ቀን እናቴ መኪናዋ ፊት ቆማ አማተበች፤ ጎንበስ ብላ ገባችና ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። አባቴ በሩን እንደ ሙሽራ ሚዜ ዘጋላት። እኔ ከኋላ፣ ለእግር ባልተሠራችው ጠባብ ቦታ፣ ድፎ ዳቦ ታቅፌ ተጣጠፍኩ። አባቴ ግራም ቀኝም እንዳላጋድል መሐል ላይ ልክ አስቀመጠኝ።

ገና ከከተማው ሳንወጣ የአባቴ ክንድ ሲገተር ከኋላ አየሁት። መጀመሪያ መንገዱ ነው ብዬ ነበር። ትንሽ እንደሄድን ግን ጆሮው ቀላ፤ ያኔ ገባኝ። መኪናዋ ወደ ግራ ትስባለች። አባቴ መኪናዋን ያቃናው በቅበላዋ እናቴ ነው። አሁን አጠገቡ የተቀመጠችው ደግሞ ሁዳዴን የጾመችው እናቴ ናት። በመካከላቸው ብዙ ጤፍ አለ። ቀኟ ቀለለ፤ ግራዋ ከበደ።

«እጅህ ምነው ነጣ?» አለች እናቴ።

«ብርዱ ነው» አለ አባቴ። እውነትም ከጮቄ በኩል ነፋስ ይመጣ ነበር። ሮብ ገበያ እስክንደርስም እኔ ከኋላ ሆኜ ዳቦውን አጥብቄ ይዤ እጸልያለሁ።

ደረስን። የሙሽራው አባት እንዳሉት አድርገዋል። ከመንገዱ በስተግራ፣ እስከ ዳሱ በር ድረስ፣ ካህናቱ ከነጃንጥላቸው፣ ሽማግሎቹ ከነጋቢያቸው ተሰልፈዋል። በስተግራ። ወጣቶቹ ከፊታችን ሆ እያሉ፣ ከኋላም እየጨፈሩ ከበቡን። አባቴ ቆም ብሎ ወርዶ ሰላም እንዳይል፣ የመኪናዋ ሞተር አንዴ ከጠፋ ያለ ግፊያ አይነሣም፤ የሙሽሪት አባት ደግሞ ተገፍቶ ዳስ አይገባም። መሪውን ይዞ በአንገቱ ብቻ ሰላም ብሎ እንዳያልፍ፣ ካህናት ናቸው፣ ዐማቾች ናቸው። ሁለት እጁን ካነሣ ደግሞ ካህናቱንም ዐማቾቹንም በመኪና ሊሳለማቸው ነው። ላብ ከማጅራቱ ሲወርድ አየሁ። «አባዬ፣ ተው» አልኩት በሹክሹክታ። የሰማኝ አይመስለኝም።

ካህናቱ ጃንጥላቸውን ዝቅ አደረጉ። የሙሽራው አባት ባርኔጣቸውን አውልቀው ለጥ ብለው እጅ ነሡ። አባቴ አላስቻለውም፤ ዕድሜውን ሙሉ ያደረገውን አደረገ። ሁለት እጁን ከመሪው አንሥቶ ደረቱ ላይ አደረገና አጎነበሰ።

መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ግራ መለስ ስታደርግ አየሁ። ወዲያው ደግሞ ቀና አለች።

ከነጠላው ሥር የእናቴ ግራ እጅ ወጥቶ መሪውን ይዟል። እሷ ራሷ በቀኝ እጇ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ለካህናቱ ዝቅ ብላ እጅ ትነሣለች፤ ዓይኗ መሬት ነው። ግራ እጇ ግን ቁይ ላይ የሆነው ሁሉ ትዝ እንዳለው አጥብቆ ይዟል። አባቴ ሰላምታውን አላሳጠረም። ሰልፉ እስኪያልቅ አጎነበሰ፤ እናቴም ሰልፉ እስኪያልቅ ያዘች። እንደዚያ ሆነን፣ ሹፌሩ ሳያይ፣ ዳሱ በር ደረስን።

የሙሽራው አባት በሩን ሲከፍቱ አፋቸውን ይዘው ነበር። «እንዴት ያለች መኪና ነች እናንተዬ» አሉ። «እጅዎን አንሥተው፣ ራሷ ታውቃለች?»

አባቴ እናቴን አየ። ለረጅም ጊዜ ያላያት ሰው እንደሚያይ ነው ያያት፤ ጉንጯን፣ የአንገቷን አጥንት፣ የተጨመደደውን ቀሚስ።

«ቀጥ ብላለች» አለች እናቴ፣ ቀሚሷን እየሰበሰበች ስትወርድ። «መሐላዬ ወርዷል።»

ዳሱ ውስጥ አባቴ ከሰው ጋር አልተጫወተም። ሥጋው ሲመጣ ጥሩ ጥሩውን እየመረጠ እናቴን ያጎርሳት ጀመር። አንዴ ብታጎርሰው እሱ ሦስቴ ይመልሳል። «ሰው ያያል» ትለዋለች፤ «ይይ» ይላታል። ዐማቾቹ እንዴት ያለ ፍቅር ነው ብለው ተደነቁ። እኔም ልስቅ ብዬ እንባዬ መጣ፤ ድፎውን ልቆርስ ነው ብዬ ዞር አልኩ።

በማግስቱ ለእናቴ «የማልሽው ቀጥ ብላ ስትሄድ ካየሁ ብለሽ አልነበረም?» አልኳት።

«አላየሁም እንዴ? መሪውን ማን ይያዘው ብዬ አልማልኩም» አለችኝ።

ከሳምንት በኋላ አባቴ ቱታውን ለብሶ ሲባጎውንና የዕድሩን ወንበሮች ይዞ ወደ ሲሚንቶው ሲሄድ እናቴ አገኘችው። በዚህኛው ጊዜ በጤፍ አይደለም፣ አንቺው ቁጭ በይልኝና ልለካሽ አላት። እናቴ የዕድሩን ወንበሮች እያየች «ተወው» አለችው።

«ወደ ግራ ትስባለች እኮ።»

«ትሳብ። እኔ አለሁ አይደል?»

ሲባጎውንም ከእጁ ተቀብላ ከበራፉ እስከ ባሕር ዛፉ ወጠረችና፣ ያጠበችውን ነጠላ አሰጣችበት።